የሚንቀሳቀስ ፊደል፦ ከድረ ገጽ ጌጥ እስከ ጋይንት ቤተልሔም የዜማ ምልክት

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ፣ ሲበራና ሲጠፋ ወይም የማይታይ እጅ የሚጽፈው ይመስል አንድ አንድ ፊደል እየተለቀመ ሲወጣ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የበዓል መልካም ምኞት፣ የምንዛሪ ዋጋ፣ የተማሪዎች ምዝገባ ማስታወቂያ ሁሉ በዚህ መንገድ ሲቀርብ ኖሯል። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ጌጥነቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከጌጡ በስተጀርባ ያለው አሠራር የፊዚክስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚማረው የእንቅስቃሴ ትምህርት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ በምን መልክ እንደሚኖርም በግልጽ ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ፊደል በድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስበትን ዘዴ እናያለን። ከዚያም ፊደል መንቀሳቀሱ ለአንባቢው የሚጠቅመው መቼ ነው? የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን። ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ ማዶና ግርጌ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ ከፊደሉ በላይ የድምፅ አካሄድ ምልክት እየተጻፈ ሲነበብና ሲዜም ዘመናት አልፈዋል። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም የምትገኘው በዚያው በጋይንት ነውና።

ከብልጭታ ወደ ስክሪፕት

የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ ወደ ድረ ገጽ የገባው በቀልድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እንደተረከው፣ ጽሑፍን የሚያበራና የሚያጠፋው ትእዛዝ በመጠጥ ቤት ወሬ መካከል የተወረወረ ሐሳብ ሲሆን አንድ ባልደረባው በዚያው ሌሊት ሠርቶት አደረ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ጽሑፍን ከዳር እስከ ዳር የሚያስኬድ ትእዛዝ በራሱ ብራውዘር ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው ትእዛዝ በቀደሙት ዓመታት ብዙዎችን አስመርሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፋየርፎክስ ብራውዘር ተወግዷል፤ ሁለተኛው በደንቡ መሠረት ጊዜ ያለፈበት ቢባልም እስከ ዛሬ ይሠራል።

እነዚህ ሁለቱ ግን የተዘጋጁ ትእዛዞች ናቸው፤ ጸሐፊው የሚመርጠው «ይሩጥ» ወይም «ይብለጭለጭ» ከማለት ያለፈ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀናት ውስጥ መጀመሪያውን የሠራው ጃቫስክሪፕት ሲመጣ ነው። ስክሪፕት ማለት ከገጹ ጋር አብሮ የሚላክና አንባቢው ዘንድ ሲደርስ የሚፈጸም የትእዛዝ ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጡት አራተኛዎቹ የብራውዘር ትውልዶች ደግሞ ስክሪፕቱ በገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ክፍል ቦታ፣ ቀለምና መጠን እንዲለውጥ ፈቀዱለት። በዚያ ዘመን ኔትስኬፕና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የማይስማማ ቋንቋ ይናገሩ ስለነበር የስክሪፕት ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው «አንተ የትኛው ነህ?» ብሎ በመጠየቅ ነበር። ዛሬ ያ ጣጣ በአብዛኛው ቀርቷል።

እንቅስቃሴ በሰዓት እንጂ በእርምጃ አይለካም

በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያለው በየቦታው የተቀመጠ ተከታታይ ሥዕል ነው። ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት መስመሮች በተለያየ ቦታ በየተራ ቢታዩና በመካከላቸው ያለው ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቢሆን ተመልካቹ ሁለት መስመር ሳይሆን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚሄድ አንድ መስመር ያያል። አብዛኛው የኮምፒዩተር ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ ከአንዱ ሥዕል እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ስክሪፕቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ የእያንዳንዱን ፊደል አዲስ ቦታ አስልቶ መጨረስ አለበት።

ተማሪዎቻችን ይህን እንዲሠሩ ስናዛቸው አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚጽፉት «በየጊዜው 2 ፒክስል ወደ ግራ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህ አካሄድ በፈጣን ኮምፒዩተር ያምራል፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ወይም በርካሽ ስልክ ግን ሥዕሎቹ ሲዘለሉ ጽሑፉ ይጎተታል። ፍጥነቱን የሚወስነው ጸሐፊው መሆኑ ቀርቶ መሣሪያው ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ በፊዚክስ ክፍል የምናስተምረው ነው፤ ቦታ የጊዜ ጥገኛ ስለሆነ ስክሪፕቱ በየተራው «ከተጀመረ ስንት ሚሊሰከንድ አለፈ?» ብሎ ሰዓቱን ይጠይቅና ፊደሉን በዚያ ቅጽበት ሊሆን በሚገባው ቦታ ያስቀምጠዋል። ሥዕል ቢዘለል እንኳ ፊደሉ ከሰዓቱ ጋር ይደርሳል። ይህ ልዩነት ኋላ ስለ ዜማ ስናወራ ወሳኝ ሆኖ ስለሚመጣ አንባቢው በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን።

ቀመሩ አንዴ ከታወቀ ውበቱ ቀላል ነው። ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ ያለውን ጊዜ ከ0 እስከ 1 ብንለካው፣ የተጓዘውን ርቀት ከጊዜው ጋር እኩል ማድረግ ፊደሉን በድንገት አስነሥቶ በድንገት ያቆመዋል። ርቀቱን የጊዜ ካሬ ሦስት እጥፍ ሲቀነስ የጊዜ ኩብ ሁለት እጥፍ ብናደርገው ግን ፍጥነቱ በሁለቱም ጫፍ ዜሮ፣ በመካከሉ ደግሞ የአማካዩ 1.5 እጥፍ ይሆናል፤ ፊደሉም እንደ ሠለጠነ በቅሎ በዝግታ ተነሥቶ በዝግታ ይቆማል። ሞገድ የሚሠራ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል ከፍታ የሳይን ቀመር ይከተላል፤ ጎረቤቱ ያንኑ እንቅስቃሴ ጥቂት ዘግይቶ ይደግማል። በሁለት ጎረቤት ፊደላት መካከል ያለው መዘግየት 45 ዲግሪ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 8 ፊደል ነው። የእስቴን ከተማ ስም «መካነ ኢየሱስ» ብለን ብንጽፍ ከነክፍት ቦታው ልክ 8 ምልክት ስለሚሆን አንድ ሙሉ ሞገድ ይሸከማል። ክፍል ውስጥ ለማሳያ ከዚህ የተሻለ የቦታ ስም አላገኘንም።

ፊደል እንደ ቁጥር

ፊደሎችን ለየብቻ ለማንቀሳቀስ ጽሑፉን መጀመሪያ ፊደል በፊደል መነጣጠል ያስፈልጋል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ነበር። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለሆነም የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የላቲንን ቁጥሮች ተበድረው፣ አንዳንዶቹም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ እየገጣጠሙ ይሠሩ ነበር። በዚያ ላይ የመነጣጠል ስክሪፕት ቢጻፍ አካሉን ወደ አንድ ወገን፣ እግሩን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ጽሑፋቸውን ፎቶግራፍ አድርገው ይለጥፉ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ አይፈለግም፣ አይታረምም፣ ፊደሉ ከፊደል አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ቦታዎች አገኘ። ስለ አመዳደቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ እጅግ ያማረው እሱ ነውና። «ሀ» 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥልና «ለ» 4616 ላይ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ይዟል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» እና «ሟ» ላሉት። 4608 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የማንኛውንም መደበኛ ፊደል ቁጥር ለ8 ብናካፍለው ቀሪው ቅርጹን ይነግረናል። «ጋይንት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ጋ» 4875 ነው፤ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 3፣ ማለትም ከዜሮ ስንቆጥር ራብዕ ነው። «ይ» 4845፣ «ን» 4757፣ «ት» 4725 ሲሆኑ ሦስቱም 5 ይተዋሉ፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። ሕፃን በፊደል ገበታ ፊት ተቀምጦ የሚያዜመውን ሠንጠረዥ ኮምፒዩተሩ በአንዲት የማካፈል ስሌት ያውቀዋል ማለት ነው።

ስለዚህ በላቲን ፊደል የማይቻል እንቅስቃሴ በእኛ ፊደል ይቻላል። በቁጥሩ ላይ በየግማሽ ሰከንዱ 1 ብንደምር «ገ» «ጉ» ይሆናል፣ «ጊ» ይሆናል፣ እስከ «ጎ» ድረስ ይሄዳል፤ እግሩ ሲወጣ፣ ቀለበቱ ሲታከል በዓይን ይታያል። 8 ብንደምር ደግሞ ቅርጹን ሳንለቅ ወደ ቀጣዩ ቤት እንወርዳለን። የአንደኛ ክፍል መምህር ይህን ሁሉ ጠመኔ ይዞ ሲሠራው ኖሯል፤ ስክሪፕቱ ከአሥር መስመር ባነሰ ትእዛዝ ይደግመዋል።

ወጥመዶቹንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ዲቃላዎቹ ሰባቱን ቅርጽ አይሞሉም፤ «ቈ» 4680 ሲሆን 4681 ባዶ ነው፤ ሳያጣራ 1 የሚደምር ስክሪፕት እዚያ ሲደርስ ባዶ ሣጥን ያሳያል። እንዲሁም የማጥበቂያ ምልክት ከፊደሉ በላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ ነው። «አለ» ብለን ተናገረ ማለታችን ነው ወይስ ይገኛል ማለታችን? ልዩነቱን በሁለት ነጥብ ያሳየ ጸሐፊ ጽሑፉ ሲነጣጠል ነጥቦቹ ከ«ለ» ተለይተው ብቻቸውን ሲዋኙ ሊያገኛቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደሎች ደግሞ ከ65535 በላይ ባለው ክፍል ስለሚገኙ ጃቫስክሪፕት እያንዳንዳቸውን በሁለት ግማሽ ይይዛቸዋል፤ በጥንቃቄ ካልተነጣጠሉ ለሁለት ይሰነጠቃሉ።

ማቆም የማይቻል ጽሑፍ

እዚህ ላይ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰው ሲያነብ ዓይኑ እንደ ውኃ አይፈስም። ይዘልላል፣ ለሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ እንደገና ይዘልላል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚሮጥ ጽሑፍ ይህን የመመለስ መብት ይነጥቀዋል። የሚብለጨለጭ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ የዓይናችን ዳርቻ ዝርዝር ባያይም ለእንቅስቃሴ ንቁ ስለሆነ በገጹ ጥግ የሚርገበገብ ማስታወቂያ በመካከሉ ያለውን ንባብ ይሰርቃል።

ይህን በኢትዮጵያ ለማስረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተላለፈውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ስለዚያ ሲያነሡ ቅሬታቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀመር ተገልብጦ ሳያልቅ ይጠፋል፣ መምህሩም ሊያቆመው አይችልም። ሥዕሎቹ መጥፎ ስለነበሩ አይደለም፤ አንዳንዶቹን እኛ ዛሬም ብናገኛቸው እንጠቀምባቸው ነበር። የጎደለው የማቆሚያ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ ሁሉ የማቆሚያ መንገድ እንዲኖረው ያዛል። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭንም ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን የታየ አንድ የካርቱን ክፍል በብልጭታው የተነሣ 685 ያህል ሰዎችን፣ በአብዛኛው ሕፃናትን፣ ወደ ሐኪም ቤት ማስወሰዱ ይታወቃል።

ከፊደሉ በላይ ያለው እንቅስቃሴ

እስካሁን ባልነው መሠረት እንቅስቃሴ በጽሑፍ ላይ የሚገባው ጽሑፉ ራሱ እንቅስቃሴ ሲኖረው ነው። ድጓ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው።

የአገራችን የዜማ ታሪክ ከቅዱስ ያሬድ ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ትውፊት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው እንዳይጠፋ ከንባቡ በላይ የሚጻፈውን ምልክት አደራጁ። ጋይንት ቤተልሔም የዚህ ዕውቀት ማዕከል ሆና ኖረች፤ ድጓ የተማረ ሰው ዕውቀቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ናት። በእስቴ የሚገኘው ቆማ ደግሞ ከቤተልሔም የሚለይ የራሱ የዜማ ይትበሃል ስም ሆኗል። በካርታ ላይ በጣት በምትሸፈን ስፍራ ይህን ያህል የዜማ ትምህርት መከማቸቱ የሚያስደንቅ ነው።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እየተባሉ የሚጠሩት ነጥቦችና መስመሮች ናቸው። ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ መድፋት፣ መቅናት፣ መሄድ፣ መቁረጥ ሁሉም የእንቅስቃሴ ግሶች ናቸው። ሁለተኛዎቹ በቀጭኑ ከንባቡ በላይ የሚጻፉ ትናንሽ ፊደሎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የታወቀ የዜማ ሐረግን በአጭሩ ይጠቅሳሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ከ5008 እስከ 5017 ያሉትን ቁጥሮች ለአሥር የዜማ ምልክቶች ሰጠ። የሊቃውንቱም ቁጥር አሥር ነው፤ ነገር ግን አሥሩ አንድ አይደሉም። ሊቃውንቱ ድርስንና አንብርን ሲጨምሩ ዩኒኮድ በፈንታቸው አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ይዟል። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው። ምልክቶቹ በዩኒኮድ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች እንጂ እንደ ማጥበቂያው ከፊደል በላይ እንደሚጣበቁ ጥገኞች አይደለም። እንዳለ ቢጻፉ ከፊደሉ ቀጥሎ፣ በመስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ቤተልሔም የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ገጽ ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

መፍትሔው የመጣው ከጃፓን ነው። ጃፓኖች አስቸጋሪ ፊደላቸውን ለሚያነብ ሰው ከፊደሉ በላይ አነባበቡን በትንንሽ ፊደል ይጽፋሉ፤ ለዚህ የሚያገለግለው «ሩቢ» የተባለ የድረ ገጽ ትእዛዝ አንድን ፊደልና በላዩ የሚቀመጠውን ጽሑፍ በአንድ አስሮ ይይዛል። የእኛን የዜማ ምልክት፣ ነጥቡንም ትንንሹን ፊደልም፣ በዚህ ትእዛዝ ብንጽፈው በቦታው ይቀመጣል፤ መስመሩ በጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ ቢሰበር እንኳ ምልክቱ ከፊደሉ አይለይም። ምልክቶቹን የሚያሳይ ፎንት ማግኘትም ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም፤ በነፃ የሚገኙት አቢሲኒካና ኖቶ ይዘዋቸዋል።

እዚህ ድረስ ያለው ጽሑፍ ቆሞ ያለ ነው። ለምን ይንቀሳቀሳል? ምክንያቱም ከሦስት መንገዶች አንዱም ብቻውን ስለማይበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራና እሱን የተከተሉት የፎቶግራፍ ሥራዎች የገጹን መልክ አቆይተዋል፤ ፎቶግራፉ ግን አያዜምም። ንባቡ ብቻ በኮምፒዩተር ቢጻፍ ይፈለጋል፤ ምልክቱን ግን ያጣል። የመምህሩ ድምፅ ብቻ ቢቀረጽ ዜማው አለ፤ አድማጩ ግን የትኛው ምልክት ላይ እንደደረሰ አያውቅም። አንድ ፊደል በረጅም ዜማ ብዙ ሰከንድ ሊወስድ፣ ቀጣዩ በቅጽበት ሊታለፍ ይችላልና በግምት መከተል አይቻልም። ስክሪፕት ሦስቱን ሊያስተሳስራቸው ይችላል፤ ድምፁ ሲሄድ የሚዜመው ፊደልና በላዩ ያለው ምልክት ቀለሙን ይለውጣል። የፊደል ቆጣሪ ሕፃን ስንደዶ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚነበበውን ፊደል ከማይነበበው ይለያል።

ጊዜውን ከየት እናመጣዋለን? ከምልክቱ አይሰላም። ምልክቱ የሚያስታውሰው የሚያውቅን ሰው ነው፤ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ መወዛወዙ ከመምህሩ አፍ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቀረጻው ይጫወታል፤ ዜማውን የሚያውቅ ሰው በእያንዳንዱ ፊደል መነሻ ላይ አንድ ቁልፍ ይነካል፤ ስክሪፕቱም በዚያች ቅጽበት የድምፁን ሰዓት አንብቦ ይመዘግባል። ዜማውን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሠራ ከሰማ በኋላ ስለሚነካ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይዘገያል፤ የሚያውቀው ግን ድምፁን ይጠብቀዋል እንጂ አይከተለውም። በዚህ ሥራ የድጓ ተማሪ ከኮምፒዩተር ባለሙያ ይበልጣል።

ሲታይ ደግሞ ቅድም በልብ ይያዝ ያልነው ነገር ይመጣል። ብራውዘሩ «ድምፁ ሄዷል» ብሎ በራሱ የሚያሳውቀው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ የተመራ ፊደል ከዜማው እስከ ሩብ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስክሪፕቱ ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ራሱ የድምፁን ሰዓት መጠየቅ አለበት። እንዲህ ከሆነ መምህሩ ቀረጻውን ቢያቆመው ፊደሉ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ቢመልሰው አብሮ ይመለሳል። የፕላዝማው ችግር እዚህ የለም፤ የሚመራው ሰዓት በአንባቢው እጅ ነውና።

ከዚህ በላይ ለመሄድ የሚፈተን ሰው ይኖራል። ርክርክ ያለበት ፊደል ይርገብገብ፣ ቅናት ያለበት ከፍ ይበል፣ ድፋት ያለበት ዝቅ ይበል ቢባል ቀመሩ ከላይ ያየነው የሳይን ቀመር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኛም በ«ጋይንት» ቃል ላይ ለሙከራ ሠርተን አይተነዋል፤ ያምራል። ለትምህርት ይጠቅማል የሚለውን ግን እንጠራጠራለን። የስክሪኑ ፊደል 6 ፒክስል ከፍ ማለቱ የመምህሩ ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አይናገርም፤ ተማሪውም ጆሮውን ትቶ ዓይኑን ሊከተል ይችላል። ቀለም ይበቃል። የዜማ መምህራን ራሳቸው እንቅስቃሴውን ከፈለጉት ግን ቀመሩ ዝግጁ ነው።

ክብደቱን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ገጽ ለጋይንትና ለስማዳ የሚሆን ቀላል ነገር ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 2,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ ከነምልክቱ 12,000 ባይት፣ ከሩቢው ትእዛዝና ከሰዓቶቹ ጋር ከዚያ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው። የአንድ ደቂቃ ድምፅ በሰከንድ በ32 ኪሎቢት ሲቀመጥ 240,000 ባይት ነው። ያንኑ በቪዲዮ ማድረግ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ፊደሉም ተመልሶ ፎቶግራፍ ይሆናል። ገጹ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሽ ዲስክ ወይም ከስልክ ማስታወሻ መከፈት መቻሉም ትንሽ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ የነበረ ትምህርት ሁሉ ለተማሪው እንደሌለ ሆኖ ነበር።

ለመጀመሪያ ሥራ የምንመክረው አጭር ዜማ ነው፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ መምህሩ እንዲቀረጽና እንዲታይ የፈቀደው፣ ስሙም እሱ በወደደው መልክ የተጻፈበት። ያንኑ ንባብ አንድ የቤተልሔምና አንድ የቆማ ባለሙያ ቢያዜሙት ገጹ አንድ ጽሑፍና ሁለት የሰዓት ዝርዝር ይኖረዋል፤ ተማሪው አንዱን ወይም ሌላውን ይመርጣል። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተመራማሪ ደግሞ አንደኛው በየትኛው ፊደል ላይ እንደቆየ፣ ሌላው የትኛውን ፈጥኖ እንዳለፈ በሚሊሰከንድ ያነባል።